ጢስ አባይ ለሚመጣ ሰው መቀመጫ እንሥራ

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ጢስ አባይ የመጣ ሰውም እንደዚያው ነው። ልጁን አዝሎ፣ ምሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይዞራል። አረፍ የሚልበት የለም።

ባለፈው መስከረም አክስቴን ከዳንግላ ይዣቸው መጣሁ። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ፏፏቴው ሲሰሙ ኖረው አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ወደ አላታ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ላይ ዝናብ የመታው ድንጋይ አንሸራተታቸው። ጫማቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ያዙ፣ በሌላው እኔን። «ልጄ፣ እዚሁ ሆኜ ድምፁን ብሰማ ምን አለበት?» አሉኝ። ስንመለስ ደግሞ ሽንት ቤት ጠየቁኝ። የት ልውሰዳቸው? መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ እህት ጭንቀቴ ገባትና ከረከቦቱ ሥር ቁልፍ አውጥታ ሰጠችኝ። እንዳይጠፋ ክንድ ከሚያህል እንጨት ጋር ታስሯል። የገዛ ቤቷ መጸዳጃ ቁልፍ ነው። «እሁድ እሁድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን አፈርኩ። ተወልጄ ያደግሁበት ቀዬ ነው።

ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1950ዎቹ ሲሠራ 11.4 ሜጋ ዋት ነበረው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዞረው በዚህ ውሃ ነው። ሁለተኛው፣ ባለ 73 ሜጋ ዋቱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተጨመረ። ጣናም ሳይቀር መውጫው ላይ በጨረጨራ ግድብ ተገርቶ እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ ያገለግላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ መጣ። እሱ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። እንግዲህ ለፏፏቴው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። በነሐሴና በመስከረም የመጣ ሰው ጢሱን ከሩቅ ያያል፣ ልብሱም ይረጥባል። በሚያዝያ የመጣው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል።

መብራቱን አንጠላውም፤ ማን ይጠላዋል? የምንለው፣ ውሃው ይህን ያህል ከሠራ ሊያየው የመጣ ሰው ቢያንስ የሚቀመጥበት ድንጋይ አይጣ ነው። የውጭ አገር ጎብኚ ከቀረ ሰንብቷል። አሁን የሚመጣው የራሳችን ሰው ነው፦ ሙሽራ፣ ተማሪ፣ ከነልጆቹ የሚመጣ ቤተሰብ።

ለዚህ ነው የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበን ኮሚቴ ያቋቋምነው። ከመካከላችን «መጀመሪያ የሚያምር የመግቢያ በር» ያለ ነበር። ክርክሩ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሽንት ቤት አሸነፈ፣ እኔም ደስ አለኝ።

የወንድና የሴት መጸዳጃ ለየብቻ እንሠራለን። የአንዱ በር ሰፊ ይሆናል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣም እንዲገባ። ጉድጓዱ ከወንዙ ይርቃል፣ እጅ መታጠቢያ ሮቶ ይቆምለታል። ከዚያ መንገዱ ነው። አክስቴን የጣሉት ዓይነት ቦታዎች ላይ የድንጋይ ደረጃ፣ ከጎኑ የብረት መደገፊያ። ጥላና አግዳሚ ወንበርም አለ። ጥላው የሣር ክዳን ቢሆን ያምር ነበር፣ ግን የፏፏቴው እርጥበት አይምረውም፤ ቆርቆሮ ይሻላል። ልጆች የሚዋኙበት ዳርቻ ላይ ደግሞ በሥዕል ጭምር የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ይተከላል። ውሃው ወደ ተርባይኑ ቦይ ሲገባ ወንዙ ይጎድላል፣ ሲለቀቅ ይሞላል። ጠዋት እግር ያልሸፈነ ውሃ ማታም እንደዚያው ነው ብሎ የሚገባ ልጅ አለ።

የአላታን ድልድይ አንነካውም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የእኛ ሲሚንቶ አጠገቡ እንዳይደርስ በቃለ ጉባኤ ላይ ጽፈናል።

ድንጋይና ጉልበት ከእኛ ነው። የጎደለን ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሮቶና የግንበኛ ክፍያ ነው። ብር መስጠት የማይመቸው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ወይም አንድ ቆርቆሮ ይስጠን። ባሕር ዳር ያላችሁ የጭነት መኪና ያላችሁ ወንድሞች፣ አንድ ምልልስ ብትረዱን ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ የጎጃም ልጆች ደግሞ እዚያው ተሰባሰቡና በአንድ ላይ ላኩልን፤ አንድ ቡድን ወንበሮቹን፣ ሌላው ደረጃውን ቢይዝ ለቁጥጥርም ይቀለናል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ቡና የምታፈላው እህት 200 ብር ሰጥታ መዝገቡ ላይ 1ኛ ተራ ላይ ተጽፋለች።

ሥራው የሚጀመረው አዝመራ ገብቶ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በደቦ ነው። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ጠላው በእኛ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፣ የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ ቲኬት መቁረጫው አጠገብ ይለጠፋል። ደረሰኝ ሳይሰጣችሁ ለማንም አንድ ብር እንዳትሰጡ፣ ለእኔም ቢሆን።