የአያት ጠመንጃ ጽሕፈት አይታደስ

ክቡር አዘጋጅ፣

ከአያት በተወረሰ ውጅግራ ወይም ቤልጅግ ላይ ያለው ጽሕፈት ደበዘዘ ብለው «አድስልን» እያሉ ወደ ብረት ሠራተኛ የሚወስዱ ቤተሰቦች አሉ። እባካችሁ፣ ተዉ። እንዲህ ያለ ጽሕፈት ይጠፋል እንጂ አይታደስም።

በአንድ አሮጌ ጠመንጃ ላይ የብዙ ሰው እጅ አለ። ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ነው፤ በፈረንሳዩ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ የተሠራ ከሆነ የፋብሪካው ስምና 1874 የሚለው የሞዴል ዓመት በቅጥልጥል የፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤልጅየም ከመጡት፣ ቤልጅግ ከሚባሉት ሞዘር ጠመንጃዎች አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ታትሞባቸዋል። ሰደፉ ላይ ያለው ግን የባለቤቱ ነው፦ በካራ የተፈለፈለ መስቀል፣ የስም መነሻ ፊደል፣ የብር ወይም የናስ ቀለበት። ቤተሰቡ «የእኛ» የሚለው ይኸኛውን ነው፤ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው። መስቀሉን ያጠቆረው የዘመናት የእጅ ላብ፣ ቅባትና ጭስ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲያልፍበት ጠርዙ ይዶለዱማል፣ እንጨቱም ይነጣል፤ ቫርኒሽ ቢቀባ ያ ጥቁረት አይመለስም።

የብረቱ ጣጣ ይብሳል። የታተመ ምልክት ብረቱን ወደ ጎን ስለሚገፋው ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን ከንፈር ያወጣል፤ በመቅረጫ የተሠራው ግን ብረቱ ተልጦ ስለወጣ ግድግዳው ጥርት ያለ ነው። ሁለቱም ጥልቀታቸው ትንሽ ስለሆነ ማለስለሻ ማሽን በአንድ ዙር ይበላቸዋል። የኤሌክትሪክ መቅረጫ እየተንቀጠቀጠ ስለሚመታ የድሮውን መስመር አይከተልም፤ የአንበሳውን ጎፈር በነጠብጣብ ይሞላዋል። ከሁሉ የከፋው እሳት ነው። የድሮ ሞዘር ገላ፣ ማለትም መቀርቀሪያው የሚገባበት ክፍል፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ላዩ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። መቅረጫው አልገባ ሲል በጋዝ እሳት ካጋሉት ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ መቀርቀሪያው የሚደገፍበት ቦታ በየተኩሱ እየተጨፈለቀ ይሄዳል፣ ተኳሹንም ሊጎዳ ይችላል።

መለያ ቁጥሩ አብሮ ከተፋቀ ደግሞ መሣሪያውና በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተሰጠው ፈቃድ አይገናኙም።

ይልቅ እንዲህ ይደረግ። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለው በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ብረቱ በቀጭን የማሽን ዘይት በራሰ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ 24 ሰዓት ይቆይ፤ የለሰለሰው ዝገት በእንጨት ስንጥር ቀስ ተብሎ ይውጣ። ሎሚ፣ አመድና የብረት ሽቦ አይንኩት፤ ሎሚው ዝገቱን ሲበላ ብረቱንም ይበላል፣ አመዱና ሽቦው ይፍቁታል። ከዚያ ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከፊት ሲያዩት ያልነበረ ፊደል ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። ያኔ ፎቶ አንሱት፤ ስስ ወረቀት አልብሳችሁም በለስላሳ እርሳስ አሹት፣ ቅርጹ በልኩ ይወጣል።

ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ ገበያ ይሸጣሉ፤ እዚያ ያላችሁ ወገኖች አንበሳውን በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ሳታዩ አትግዙ። የዝገቱ ጉድጓድ ከላይ ጀምሮ እስከ መስመሩ ወለል ከወረደ ምልክቱ አሮጌ ነው። መስመሩ የዝገቱን ጉድጓድ ቆርጦ ካለፈና ወለሉ ካብለጨለጨ ግን በኋላ የተቀረጸ ነው።

የራሱን ስም መጨመር የሚፈልግ ወራሽም ማንገቻው ቆዳ ላይ ያስጽፍ።

የድሮ መሣሪያ እንክብካቤ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ