ያልጨረስነው ፊልም

አዲስ አበባ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? እናትሽ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆች ሳለን ለጎረቤቶቻችን ደብዳቤ ስንጽፍ «ከናፍቆትህ በቀር» የምትለዋን ሐረግ ሳይነግሩንም እናስገባት ነበር፤ ወጉ ነዋ። ዛሬ ግን ለወጉ ብዬ አይደለም የጻፍኳት። ድምፅሽን ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ስልክ ቁጥርሽ አለኝ። ልደውል ብዬ አውጥቼው የመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። በስልክ ከሆነ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ተባብለን፣ የኑሮ ውድነቱን አንሥተን የምንዘጋ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ፤ አንገቴን ደፍቼ የምነግርሽ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ከዚያ ልጀምር።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሬ ፊት ለፊት እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት አሉ፤ የፎቁ ሰው ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። ማታ ማታ ምጣዱን ካወጡ በኋላ ቡና ያፈላሉ፤ የፎቁ ሴቶችም ተሰብስበው በአማርኛ የተተረጎመውን የቱርክ ድራማ ያያሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሳልፍ «ግቢ እንጂ ልጄ» ሲሉኝ «ሥራ አለብኝ እማማ» እያልኩ አልፍ ነበር። አንድ ቀን የእንጀራ ዕዳ ልከፍል ገብቼ «አንድ ስኒ ብቻ» ብለው አስቀመጡኝ። አንዷ ስኒ አቦል ሆነች፣ ከዚያ ቶና፣ ከዚያ በረካ፣ ድራማውም አለቀ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ የቀረሁባቸው ምሽቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ልጅቷ የተደበቀውን ደብዳቤ ከመሳቢያው አውጥታ ልትከፍተው ስትል ድርግም አለ። ቤቱ በሙሉ «ኧረ በሕግ!» አለ። እማማ ተነሥተው ጧፍ አበሩና ረከቦቱ አጠገብ አቆሙት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው «ቆዩ፣ የቀረውን እኔ ልንገራችሁ» አሉ። አላዩትም እኮ! ክፍሉ የዚያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተላለፈው። ግን ጀመሩት። ልጅቷን ደብዳቤውን አስከፈቷት፤ አማቲቱን በድንገት አስገቧት፤ ለአማቲቱም የብሎካችንን የኮሚቴ ሰብሳቢ ድምፅ ሰጧት፤ ያንን «በተደጋጋሚ አሳስበናል» የሚለውን። ሁላችንም ወደቅን። አንዷ ጎረቤቴ ስኒውን ከእጇ ጣለችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ደርሶ ነበር፤ ትንሿ ልጅ ተነሥታ ድምፁን ቀነሰችና «እማማ፣ ከዚያስ?» አለቻቸው።

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስታወስኩት አንቺን ነው።

የሰፈራችንን ቪዲዮ ቤት አስታወስኩ። ሴት ልጅ ብቻዋን መግባት ነውር ስለነበር አንቺ ከወንድምሽ ጋር ትገቢ ነበር፤ እኔን ግን አባቴ አይፈቅዱልኝም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የህንዱን ፊልም ከነዘፈኑ ትነግሪኝ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ቆሞ የሚያስተረጉመውን ሰውዬ ድምፅ፣ ከዚያ የጀግናውን፣ ከዚያ የእናቲቱን ልቅሶ እያፈራረቅሽ። ህንድኛው ከራስሽ የፈጠርሽው መሆኑን እያወቅሁ አብሬሽ እዘፍን ነበር። ኮሜዲያኖቹ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ በቴሌቪዥን የቀረቡ ዕለት ደግሞ በበነጋው በእረፍት ሰዓት እኔ አለባቸውን፣ አንቺ ልመነህን ሆነን ክፍሉን እናስቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ታሪክ የሚነገርበትን መንገድ የተማርኩት ከአንቺ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨመረልኝ ስሞቹን ነው።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ልምጣ። 2007 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። አዲስ የወጣ የፍቅር ኮሜዲ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዘሻል። እኔ ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ ሒስ መጻፍ የጀመርኩበት፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች ጋር የምቀመጥበት ጊዜ ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ በአጠገባችን ሲያልፉ አዩኝ። አንደኛው ፈገግ ብሎ «አንቺም እዚህ?» አለኝ። እኔም «ኧረ እሷን ላጅብ ብዬ ነው» አልኩት።

ሰምተሻል። መስማትሽን አውቄያለሁ። ሰልፉን ቀድሜ ይዤ ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ «እሑድ እንዳይቀር» እያልኩ የጨቀጨቅሁሽም እኔ። አዳራሹ ሲስቅ አንቺ፣ ከሁሉ በላይ የምትስቂው ሴት፣ ዝም አልሽ። ከመካከል ላይ ተነሣሽ። ተከትዬሽ ወጣሁ። ደረጃው ላይ «አሞኝ ነው» አልሽኝ፤ ታክሲ ተራ ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ሳምንት አልፎ ቆሎሽን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት። በዓመቱ ሐዋሳ ገባሽ፤ ስልኩም ቀስ በቀስ ቀረ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣሽብኝም። ብታነሺብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ እፍረት ከየት እንደመጣብኝ ብዙ አስቤበታለሁ። የፊልም ማስታወቂያዎቹን ታስታውሻለሽ፤ ሁሉም «አዝናኝና አስተማሪ» ይላሉ። ሬዲዮው «እያዝናና የሚያስተምር» ይላል። ማዝናናት ብቻውን የትም አይገባም፤ ማስተማር እጁን ይዞ ካላስገባው በር ላይ ይቆማል። እኛ የተማርን የምንባለው ደግሞ ከዚህ ብሰን ተገኘን። አንድ ቀልድ ከወደድን ውስጡ የተደበቀ ፖለቲካ፣ የተሸፈነ ፍልስፍና ፈልገን ካላገኘን አንረጋጋም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር እንደሆነ፣ ስሙ ላይም «ኮሜዲያ» የሚል ቃል እንዳለበት እናውቃለን። ስናስተምረው ግን የምናወራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መከልከሉን ነው። መኳንንቱ ፊት አውሬዎች በአማርኛ ሲከራከሩ ምን ያህል ያስቅ እንደነበር አንስቶ የነገረኝ መምህር የለም። ወርቁን አውጥተን ሰሙን መጣል ለምዶብናል። ሐሙስ ማታ ያየሁት ጧፍ ግን ከሰም የተሠራ ነበር፤ ለሰባት ሴቶችም በቂ ብርሃን ሰጥቶ አመሸ።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። አያትሽ ሲተርቱልን መጨረሻው ምን ነበር? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» በቃ! ዳቦ ነው የሚጠይቁን። «ከዚህ ተረት ምን ትማራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ነው። አያትሽ ጅቡ አህያዋን ሲያታልል ሳቅን አልሳቅን ፊታችንን በእሳቱ ብርሃን ያዩ ነበር እንጂ ምን እንደተማርን አልጠየቁንም። እኔም አስተማሪ ሆኜ ስንት ዓመት ይህንኑ ጥያቄ ልጆች ላይ ደገምኩ መሰለሽ። አሁን ትቼዋለሁ። ተረት አንብቤላቸው ዝም እላለሁ፤ እነሱ ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

አለቃ ገብረ ሐናንም አስቢያቸው። ቀልዳቸው ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም በየቡናው ይነገራል። እኒያ ሰው እኮ የፍትሐ ነገሥት ሊቅ፣ የአቋቋም መምህር ናቸው። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜ፣ በማሕሌት ላይ በመቋሚያ የሚደረገው እንቅስቃሴ፣ ከእሳቸው የመጣ ነው፤ የጣናን ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው እንዳወጡት፣ የጎንደር ሊቃውንትም መጀመሪያ አንቀበልም እንዳሏቸው ይነገራል። ማሕሌት የቆመውና ጠጅ ቤት ያሳቀው አንድ ሰው ነው። በቀልዳቸው ከሊቅነታቸው የቀነሰባቸው ነገር የለም፤ ቀልዳቸውም በሊቅነታቸው ምክንያት ይቅርታ የተደረገለት አይደለም። ሁለቱም እኩል የእሳቸው ናቸው። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ተማሪዎቼንም እያስተማርኩ፣ አንድ የሲኒማ ሰልፍ ላይ ጓደኛዬን ካድኩ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ማሠራጨት ሲጀምር የተነሣውን ጭቅጭቅ ሐዋሳ ሆነሽ ሰምተሽ ይሆናል። የፊልምና የቴአትር ሰዎች ተቃወሙ። እንጀራቸው ነውና ሥጋታቸው አግባብ ነበር፤ ዛሬም አልክድባቸውም። የአገር ውስጥ ድራማ ገንዘብ ካላገኘ ተዋናዩ ምን ሊበላ ነው? ግን እኔ የነበርኩባቸው ክበቦች ውስጥ ወሬው ቶሎ ከእንጀራ ወጥቶ ወደ ተመልካቿ ዞረ። ቤት የምትውል ሴት አላዋቂ ናት፣ ተሰልባለች፣ ጊዜዋን ታባክናለች ተባለ። እኔም ብያለሁ። አሁን ሳስበው፣ እማማ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ሊጥ ይቀላቅላሉ። ቀኑን ሙሉ ጭስና ሙቀት ላይ ይቆማሉ። ማታ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው የሰው ፍቅር ቢያዩ ከየትኛው ጊዜያቸው ነው ያባከኑት? እሳቸውን ለመናቅ እኔ ማን ነኝ?

ሁሉም ቀልድ ጥሩ ነው እያልኩሽ አይደለም። ከገጠር የመጣን ሰው በአነጋገሩ፣ የቤት ሠራተኛን በድህነቷ የሚያሾፍ ፊልም ያን ጊዜም አንወድም ነበር፤ አንቺ እንዲያውም አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብለሽ «ይህ ምኑ ያስቃል!» ያልሽበትን ቀን አልረሳሁም። ከእኔ ሒስ ሁሉ ያ ቃልሽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሳቅን ከምር የምታከብር ሴት ያለችው ነው። ሰውን ማስለቀስ እኮ ቀላል ነው፤ የታመመች እናትና አንድ ዋሽንት ይበቃሉ። ሳቅ ግን አይታዘዝም። አንዲት ቃል ቀድማ ወይም ዘግይታ ከወጣች አዳራሹ ድንጋይ ይሆናል። ይህን ሙያ ሳልጽፍለት፣ ሳላመሰግነው ስንት ዓመት አለፈኝ።

ከባድ የሚባሉትን መጻሕፍት መውደዴን አልተውኩም። ሌሊት አነባቸዋለሁ፤ ከማታው ቡናና ከማታው ሳቅ በኋላ የበለጠ ይገቡኛል። ከቅዳሜው ስብስብ ግን ወጥቻለሁ። ተጣልቼ አይደለም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ብቻ እዚያ ስቀመጥ ፊቴ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

ፒያሳን ብታዪያት አታውቂያትም። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የቆምንበት ሰልፍ ይታየኛል፣ ያ ሰውዬ ፈገግ ሲል፣ የእኔም አፍ ሲከፈት። ይቅርታ አድርጊልኝ። በሰው ፊት ያልኩትን ነው በደብዳቤ የምመልሰው፤ እንደማይመጣጠን አውቃለሁ። ለእማማና ለጎረቤቶቼ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የሰልፉን ነገር ሳይቀር። እማማ ዝም ብለው ሰምተው «ታዲያ ልጅቷ የት አለች? ለምን እዚህ አልተቀመጠችም?» አሉኝ።

ለፋሲካ ሐዋሳ እመጣለሁ፤ ከፈቀድሽልኝ። የእማማን ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ይዤ ነው የምመጣው፤ ከአሁኑ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። አንቺም አንድ ነገር አዘጋጂልኝ። የዚያን ፊልም መጨረሻ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ልጁ አባትየው ፊት በውሸት ሽማግሌዎች ቀርቦ፣ ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ ስታይ ነው የወጣነው። አንቺ ተመልሰሽ አይተሽው ከሆነ ንገሪኝ። ካላየሽውም እንደ ድሮው ከራስሽ ፍጠሪልኝ፤ ሽማግሌዎቹንም በየድምፃቸው አስመስዪልኝ። ስትጨርሺ አፍሽን የምታብሽበት ዳቦ ከእኔ ነው።

ያቺው የድሮ ጎረቤትሽ