የድሮ ጽሑፎቻችሁን አድራሻ አትቀይሩብን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በአስተያየት ገጻችሁ ላይ ስለ ወጣቶችና ስለ ኢንተርኔት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ኮምፒውተር ዕቃ ነው፣ ፖለቲካውን የሚያመጣው የሚጠቀምበት ሰው ነው ይላሉ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እኔ መተዳደሪያዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ከእኔ ወንበር ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እሱን ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለራሳችሁ ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከትንሽ ነገር ልጀምር። ኢንተርኔት ላይ ፎርም ስትሞሉ ከታች አንዲት ሳጥን ትኖራለች። መረጃዬ ለማስታወቂያ ቢውል እስማማለሁ ትላለች። ሳጥኗ ባዶ ሆና ትምጣ ወይስ ምልክት ተደርጎባት? ገጹ በተጻፈበት ትእዛዝ፣ በኮዱ ውስጥ፣ ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው። ግን አብዛኛው ሰው ሳጥኗን እንዳገኛት ትቷት ያልፋል። ስለዚህ የብዙ ሺህ ሰው ፈቃድ ያለቀው ሰዎቹ ገጹን ከመክፈታቸው በፊት ነው። የጨረሰው ደግሞ ኮዱን የጻፈው ሰው፣ ወይም እንዲጽፍ ያዘዘው አለቃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ይህን ጉዳይ አይቶታል። ጀርመን ውስጥ በኢንተርኔት ዕጣ ያወጣ አንድ ድርጅት ሳጥኗን ራሱ ምልክት አድርጎባት ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ፈቃድ አይባልም አለ። ዳኞች ስለ አንዲት ሳጥን ያን ያህል የደከሙት በውስጧ የሰው መብት ስላለ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ሥራ ላይ ሁልጊዜ ይመጣል። አባልነት መሰረዣው ቁልፍ ደብዘዝ ይበል፣ ከታች ይደበቅ የሚል ደንበኛ አጋጥሞኛል። መመዝገቢያው ትልቅና ደማቅ እንዲሆን ግን ይፈልጋል። ለእኔ ይህ ፖለቲካ ነው። ማን ይወስናል፣ ማን ሳይጠየቅ ይታለፋል የሚል ጥያቄ ያለበት ቦታ ሁሉ ፖለቲካ አለ። ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ድምፅ መስጠት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅነቴ ልመለስ፤ ነገሩን በደንብ የሚያስረዳልኝ እሱ ነው።

ኮምፒውተር የያዘኝ በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ነው። ማሽኑ አንድ፣ ልጁ ብዙ። ተራ ጠብቀን እንቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሞደም እየጮኸ ይገናኛል፣ ፎቶ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየወረደ ይመጣል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ገጽ ደስ ካለኝ አይጡን በቀኝ እጫንና ኮዱን አየዋለሁ። ሁሉም ነገር እዚያው ተዘርግቷል። ርዕሱ ይኸውና፣ ሠንጠረዡ ይኸውና፣ ቀለሙ በዚህ ቁጥር ተጻፈ። ቀድቼ በራሴ ፋይል ላይ እለጥፍና አንዱን ቁጥር እቀይራለሁ። ብራውዘሩን አድሼ ምን እንደተለወጠ አያለሁ። ሲበላሽ እመልሳለሁ። ያስተማሩኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። አንድም ቀን አላገኘኋቸውም፤ ገጻቸው ክፍት ስለነበር ብቻ ተማርኩ። እንደኔ የገባ የሙያ ጓደኛ ብዙ አለኝ። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከማስተማሩ በፊት ድረ ገጹ ራሱ ያስተምር ነበር።

ዛሬ ያው ቁልፍ አለ፣ ኮዱም ይታያል። ልጁ ሲከፍተው የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ማሽን ጨምቆ በአንድ መስመር የደረደረው የፊደል ክምር ነው። መጨመቁ ገጹ ቶሎ እንዲመጣ ስለሚረዳ እኔም አደርገዋለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። አንድ አንቀጽ ጽሑፍ ለማሳየት ሙሉ ፕሮግራም አንባቢው ስልክ ላይ እናወርዳለን። ይህ የምጽፍላችሁ ደብዳቤ በኮምፒውተር ሲቀመጥ ከ25 ኪሎባይት አይበልጥም፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይዞ እንኳ። የዘመኑ ተራ ገጽ ግን ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው። በልጅነቴ ሞደም፣ በ56 ኪሎቢት ፍጥነት፣ ያንን ለመክፈት 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር። ዛሬም ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት፣ ስልኩ ያረጀ፣ ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው አለ። ገጹን ስናከብደው ያ ሰው በሩ ላይ ይቀራል። ሂድ ያለው የለም፤ ግን አልገባም።

ያ የልጅነቴ ክፍትነት ደግሞ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ሰዎች ወስነውት ነው። ቲም በርነርስ ሊ የዌብን፣ ማለትም ገጾች በሊንክ የሚያያዙበትን ሥርዓት፣ ሐሳብ ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ያቀረበው በ1989 ነው። በዚያው ዘመን ጎፈር የሚባል ተፎካካሪ ነበር፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሠራው። በቀላሉ የሚሠራና ብዙ ሰው የለመደው ነገር ነበር። በ1993 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲው የጎፈርን ሰርቨር፣ ማለትም ገጾቹን ለአንባቢ የሚያቀርበውን ፕሮግራም፣ ከሚጠቀሙ አንዳንዶቹ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ቀን ደግሞ ሰርን አንድ ወረቀት ፈርሞ የዌብን ሶፍትዌር ያለ ምንም ክፍያ ለሕዝብ ለቀቀው። ሰው ወደ ዌብ ጎረፈ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር አልልም፣ ፎቶ የሚያሳይ ብራውዘር መምጣቱም ረድቷል። ግን አንዲት ፊርማ ምን ያህል እንደምትሠራ እዚህ ላይ ይታያል። ያ ወረቀት ባይፈረም እኔም ከዚያ የልጆች ወረፋ ተነስቼ እዚህ ሙያ ላይ ባልደረስኩ ነበር።

ስለ ፊደላችንም ላንሳ፤ የእኛ ነገር ስለሆነ ልቤ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፣ የተሰላውም ለእንግሊዝኛ ነው። ለሀሁ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ በወጣትነቴ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎንትና የየራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይመጣል። ድረ ገጾችም መላ ሲያጡ አማርኛውን ፎቶ አድርገው ይለጥፉት ነበር። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም። አይቀዳም። ዓይነ ስውር አንባቢ ኮምፒውተሩ በድምፅ እንዲያነብለት ቢፈልግ ዝም ይለዋል። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ከሌሎች የዓለም ፊደሎች ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አስገባ። አሁን ይህን ጽሑፍ በየትኛውም ስልክ የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ዘርዝረው፣ ቦታ ይገባዋል ብለው የተከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

እና ምን ሆነ? ዛሬ መግለጫው ሁሉ ተመልሶ ፎቶ ሆኗል። ተቋማትም፣ ፓርቲዎችም፣ ጋዜጦችም ማኅተም ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጥፉታል። በቃ። ከሳምንት በኋላ ማን ምን ቃል ገብቶ እንደነበር ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሰው በቃሉ እንዲጠየቅ ቃሉ መፈለግ መቻል አለበት። በዚህ ላይ ጋዜጦች ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቤትን ጨርሶ ለቆ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ መግባት ነው። አንባቢው እዚያ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሂዱ፣ እዚያም አግኙት። ግን ዋናው ጽሑፍ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ይቀመጥ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ፌስቡክ በ2018 መጀመሪያ ላይ የሰዎችን የወዳጅ ዘመድ ወሬ አስቀድሞ ለማሳየት ሲወስን የዜና ገጾች ተደራሽነት ወደ ኋላ ቀረ። በ2023 ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ለዜና አውታሮች ይክፈሉ የሚል ሕግ ሲወጣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በዚያ አገር የዜና ሊንኮችን ጭራሽ ዘጋ። ጂኦሲቲስ የሚባለው፣ የኛ ትውልድ የመጀመሪያ ገጹን የከፈተበት ቦታ፣ በ2009 ሲዘጋ የሚሊዮኖች ገጽ አብሮ ወረደ። የተረፈው በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው የቀዱት ነው። ሰዎች ሙዚቃቸውን የሚጭኑበት ማይስፔስ በ2019፣ በ12 ዓመት ገደማ ውስጥ የተጫነ ሙዚቃ መጥፋቱን አመነ። ከእነዚህ ውሳኔዎች በአንዱም ላይ አንባቢው ወይም ጸሐፊው ድምፅ አልነበረውም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኸው ነው። የእናንተ ድረ ገጽ ሲታደስ መልኩ አምሯል፣ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያስቀመጥኳቸው የቆዩ ሊንኮች አብዛኞቹ አይከፈቱም። 404 ይላሉ፣ ገጹ አልተገኘም ማለት ነው። ጽሑፉ ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ አድራሻው ግን ሞቷል። ይህ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት በ2013 ከነበሩ የኢንተርኔት ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ከዜና ገጾች ደግሞ 23 በመቶው ቢያንስ አንድ የተሰበረ ሊንክ አለባቸው። ግን ጋዜጣ ከሌላው ይለያል። አንድ ባለሥልጣን ከዓመታት በፊት የተናገረው፣ አንድ ተማሪ ለጥናቱ የጠቀሰው፣ አንድ ቤተሰብ ያስቀመጠው የሐዘን ማስታወቂያ፣ ሁሉም የሚኖረው በዚያ አድራሻ ነው። ቲም በርነርስ ሊ ራሱ የድረ ገጽ አድራሻ መቀየር የለበትም ብሎ የጻፈው በ1998 ነው። ምክሩ አላረጀም።

የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። የቀድሞው ድረ ገጽ ዳታቤዝ፣ ጽሑፎቹ የተከማቹበት ማለት ነው፣ ካለ፣ ከእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ሠንጠረዥ ይሠራል። ሰርቨሩ አሮጌውን ሲጠየቅ 301፣ ማለትም አድራሻው ተዛውሯል፣ ብሎ ወደ አዲሱ ያሳልፋል። አንባቢው ልዩነቱን አያውቀውም። ዳታቤዙ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚሰበስበው ኢንተርኔት አርካይቭ ዘንድ ቅጂ ይኖር እንደሆነ መፈለግ ነው። የቴክኒክ ሠራተኞቻችሁ ይህን ያውቁታል፤ ጊዜ ስጧቸው ነው የምላችሁ። ማስታወቂያና ቪዲዮ ለመጨመር ጊዜ ይሰጣቸዋል፣ ለዚህ ግን ብዙ ጊዜ አይሰጣቸውም። ይህን የምለው በእነሱ ወንበር ስለምቀመጥ ነው።

መጀመር ያለበት ከምርጫ ዘገባዎች ቢሆን እመርጣለሁ። ቀጥሎ የሕግና የአዋጅ ዘገባዎች፣ ከዚያ ወደ እናንተ የተላኩ የአንባቢ ደብዳቤዎች። ሠንጠረዡ ሲጠናቀቅ በድረ ገጻችሁ ላይ አንድ አጭር ማስታወቂያ አውጡልን፤ እኛም ያልተከፈተልንን ሊንክ እየላክን እናግዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ድረ ገጽ ሠሪ አንባቢያችሁ