የብናኝ ሥልጠና፣ ለድሬዳዋ የዱቄትና የጥጥ ፋብሪካ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣ የቅዳሜው ሥልጠና ሠራተኛንም ሥራ አስኪያጅንም ይመለከታል። አለቆች፣ እባካችሁ ተወካይ አትላኩ። ማሽን የማስቆም ሥልጣኑ እናንተ ጋ ነው።

የዱቄትም የጥጥም ብናኝ ይፈነዳል። በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘ በቃ! የመጀመሪያው ፍንዳታ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን ጣሪያና ቧንቧ ላይ የተኛውን ብናኝ ያራግፈዋል፤ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አንድ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ 14 ሠራተኞች ያለቁት እንዲህ ነው።

ስለዚህ በኮምፕሬሰር እየነፉ ማጽዳት ይቅር። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ዙሪያው ይጸዳ። የጋለ ኩሽኔታ ያየ ወዲያው ይናገር፤ ማንም እንዳይቆጣው።

ሥልጠናው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። ለሌሊት ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ይደገማል።