ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ ፎርማት ስለተደረገብኝ ሃርድ ዲስክ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ባለቤት
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ከሠራተኛዎ ጋር ለመጣላት አይደለም። ልጁ ሰው አክባሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት አነጋግሬዋለሁ። እርስዎን ግን ተመላልሼም አላገኘሁዎትም። ቤቱ የእርስዎ ስለሆነ ነገሩ በጽሑፍ ይድረስዎት ብያለሁ።

ኅዳር 11 ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ። ችግሩ መንቀራፈፍ ነበር። ሲከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ልጁ አየት አደረገውና «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ መጫን አለበት» አለኝ። በ800 ብር ተስማማን። ከመውጣቴ በፊት «ዲ ላይ የእድር ሰነድ አለ፣ እሱን አደራ» አልኩት። ሃርድ ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ሲ ዊንዶውሱ ያለበት፣ ዲ ደግሞ ፋይሎቼን የማስቀምጥበት ክፍል ነው። «አይጨነቁ» አለኝ። ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል።

ቅዳሜ ከፍዬ ወሰድኩት። ማታ ቤት ስከፍተው በእርግጥ ፈጥኗል፤ ይህን አልክድም። ዲ ግን የለም። ድሮ ሲ 150፣ ዲ ደግሞ 315 ጊጋባይት ነበሩ። አሁን ያለው አንድ ሲ ብቻ ነው፣ 465 ጊጋባይት። ውስጡ እኔ የማላውቀው «ፊልም» የሚል ፎልደር ተቀምጧል። ከፍቼ ሳየው 120 ጊጋባይት ፊልምና ተከታታይ ድራማ ነው። ኋላ ስጠይቅ «ምርቃት ነው ጋሼ፣ ለደንበኛ ሁሉ እንሞላለን» ተባልኩ።

በማግስቱ እሑድ የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ነበር። እኔ ጸሐፊው ነኝ። 146 አባላት አሉን። ከ2012 ጀምሮ ማን መዋጮውን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ለየትኛው ሐዘንተኛ ስንት ተሰጠ፣ ድንኳኑና ወንበሩ መቼ ወጥቶ መቼ ተመለሰ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሰው ፊት ባዶ እጄን ቆሜ «ሰነዱ ጠፍቷል» ማለት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት አያቅተኝም፤ እርስዎም የአንዱ እድር አባል ሳይሆኑ አይቀሩም። የገንዘብ ነገር ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን ዝም ብለው ሲያዩኝ ነበር። የመዋጮውን ነገር ከደረሰኞቹ ቀሪዎች ላይ ቀስ በቀስ መልሰን እንጽፈዋለን፤ ወራት ይፈጅ ይሆናል እንጂ ይሆናል። በአማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝም አብሮ ጠፍቷል፤ እሱ ድጋሚ ይጫናል፣ በእሱ አላማርርም።

የማይተካው ሌላ ነው። አባቴ ከማረፉ በፊት ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር በስልኬ ቀድቼው ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ነው። መሀል ላይ ቡና ሲቀርብለትና ሲመርቅ ሁሉ ይሰማል። የስልኬ ሜሞሪ ሲሞላ ወደ ላፕቶፑ አዛወርኩት። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ። ግን አደራ ብዬ ነው የሄድኩት።

ሰኞ ጠዋት ተመልሼ መጣሁና ምን እንደተደረገ ጠየቅኩ። ልጁ ሳይደብቅ ነገረኝ። በመጫኛው ፍላሽ አስነስቶ፣ ዝርዝሩ ላይ የመጡትን ፓርቲሽኖች፣ ማለትም የዲስኩን ክፍሎች በሙሉ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ከዚያ ባዶውን ዲስክ አንድ አድርጎ ዊንዶውሱን ጫነበት። «ለምን ዲንም ጨመርክ?» ስለው «ንጹህ እንዲሆን ነው፣ እንዲህ ነው የለመድነው» አለኝ።

ዊንዶውስ ለመጫን ግን ዲን መንካት አያስፈልግም። ሲን ብቻ ፎርማት አድርጎ እዚያው ላይ መጫን ይቻላል፣ ዲ እንዳለ ይቀመጣል። ሲም ፎርማት ሳይደረግ ቢጫንበት የድሮው ነገር «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቆያል። ይህን የነገረኝ ኮምፒውተር ያጠና የእህቴ ልጅ ነው። ዲ ላይ የነበረኝ ፋይል ሁሉ ተደምሮ 9 ጊጋባይት አይሞላም። መስታወታችሁ ውስጥ ተደርድሮ ከሚሸጠው ፍላሽ አንዱ፣ የ16 ጊጋው፣ ይበቃው ነበር። ልጁ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ፍላሽ ልግዛልዎትና ልገልብጠው?» ቢለኝ እምቢ እል ነበር?

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የእህቴ ልጅ ሲያስረዳኝ፣ ፓርቲሽን ማጥፋትም ሆነ ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን ራሱን አያጠፋውም። የብሎካችንን የነዋሪዎች ዝርዝር እንደመቅደድ ነው አለኝ። ሰዎቹ ቤታቸው ውስጥ አሉ፤ መዝገቡ ግን ቤቱ ባዶ ነው ይላል። ሌላ ተከራይ እስኪገባበት ድረስ የነበረውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ረጅሙ ፎርማት ሌላ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። የእኔ እንደዚያ አልተደረገም። የእኔ ደግሞ የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ፣ የማይሽከረከረው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ተስፋው በጣም ያነሰ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ እጅ ቢሰበሰብ ኖሮ አብዛኛው ይገኝ ነበር።

ጥገና ቤታችሁ ግን ባዶ ነው በተባለው የዲስኩ ቦታ ላይ መጀመሪያ ዊንዶውሱን አስገባ። ከዚያ 120 ጊጋባይት ፊልም አስገባበት። እኔ ያልጠየቅኩትን፣ የማላየውን ፊልም። ሰኞ ዕለት ደግሞ ልጁ ሊረዳኝ ብሎ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ የሪከቨሪ ፕሮግራም አውርዶ እዚያው ዲስክ ላይ ጫነ፤ ያገኛቸውን ጥቂት ፎቶዎችም መልሶ እዚያው ላይ አስቀመጠ። የጠፋ ነገር የሚፈለግበት ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም። ዲስኩ ወጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፣ የተገኘውም ወደ ሌላ ዲስክ ይሄዳል። ልጁ በቅንነት ነው ያደረገው። ይህን ያላስተማረው ሰው ነው ጥፋተኛው፣ ማለትም ቤቱ።

ከሰኞ ጀምሮ ላፕቶፑን አልከፈትኩትም። ሐሙስ መገናኛ ድረስ ሄጄ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ አሳየሁ። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ በግልባጩ ላይ እንደሚሠራ ነገረኝ። ፊልሙ ያረፈበት ቦታ ላይ የነበረው አይመለስም፤ የቀረው ሊገኝም ላይገኝም ይችላል አለኝ። 6,000 ብር ጠይቆኛል።

የምፈልገው ይህ ነው። ይህን 6,000 ብር እናንተ እንድትሸፍኑ እጠይቃለሁ። የአባቴ ድምፅ ተገኘም አልተገኘም ክፍያው የእናንተ ነው፤ ሥራው ያስፈለገው በእናንተ ምክንያት ነውና። 800 ብሩን አልጠይቅም፣ ኮምፒውተሩ ፈጥኗል። ሌላው ልመና ነው። ኮምፒውተር ስትረከቡ «ምን ይቅር? ምን ይጥፋ?» የሚል አንድ ወረቀት አዘጋጁ፣ ደንበኛው ይፈርምበት። ፊልም መሙላቱንም ተዉት፤ ካልሆነ የሚፈልግ ሰው ራሱ ፍላሽ ይዞ ይምጣ። እዚህ ሰፈር ኮምፒውተሩን ለእናንተ የሚሰጠው ተማሪ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘ። የሱቅ ሒሳቧን የያዘች እናት ናት። ብዙዎቹ ሲ እና ዲ ምን እንደሆኑ አያውቁም፤ አደራ ማለትንም ላያስቡት ይችላሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም። ጎረቤታሞች ነን፣ ዳቦ የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው።

እስከ ኅዳር 30 መልስዎን እጠብቃለሁ። ላፕቶፑ ቤቴ ተዘግቶ ተቀምጧል። ክፍያው እንደተፈጸመ በማግስቱ ወደ መገናኛ እወስደዋለሁ፤ ልጁም አብሮኝ ሄዶ አሠራሩን ቢያይ ደስ ይለኛል። ስልኬ በደረሰኙ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ጸሐፊ