አሸናፊውን ስቶፕዎች አይምረጥልን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ግራፕሊንግ (ያለ ምት በመያዝ ብቻ ስለሚደረገው ትግል) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ስፖርት አስታውሶ የሚጽፍ ብዙ ስለሌለ መጀመሪያ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጸሐፊው አቻ የወጡ ግጥሚያዎች በጭማሪ ዙር መለየታቸው ልክ እንደ እግር ኳስ ፔናሊቲ ነው፣ ሁሉም ውድድር ሊከተለው ይገባል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለዓመታት በአሰልጣኝነትም በዳኝነትም ከማቱ (ከመታገያው ምንጣፍ) ዳር የቆየሁ ሰው ነኝ። የምጽፈውም እዚያ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ለአዲስ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ነጥብ የለም። መጣል፣ ከላይ መሆን፣ ጀርባ መያዝ ብቻውን ምንም አያስገኝም። ማሸነፊያው አንድ ነው፤ ተጋጣሚን አንቆ ወይም መገጣጠሚያውን ቆልፎ እጅ ማሰጠት። የተያዘው ሰው በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርጋል፤ በቃ፣ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ጎበዞች ሲገናኙ ነው። ብዙ ጊዜ ማንም እጅ ሳይሰጥ ሰዓቱ ያልቃል። ታዲያ ወደ ቀጣዩ ዙር ማን ይለፍ?

አሜሪካዊው አሰልጣኝ ኤዲ ብራቮ በ2014 ኢቢአይ የተባለውን ውድድር ሲጀምር አንድ መልስ ይዞ መጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 10 ደቂቃው ያለ ውጤት ካለቀ፣ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ማጥቃት ነው። አጥቂው ከሁለት አጀማመሮች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ከተጋጣሚው ጀርባ ሆኖ፣ አንድ ክንዱን ከትከሻ በላይ ሌላውን ከብብት ሥር አሳልፎ፣ እግሮቹን ጭኑ ውስጥ አስገብቶ መጀመር ነው። ሁለተኛው ክንዱን ታቅፎ አርምባር (ክርንን ዘርግቶ የሚቆልፍ መያዣ) ለመጨረስ በተዘጋጀበት ቦታ መጀመር ነው። ዳኛው ያስጀምራል። ወይ አጥቂው ይጨርሳል፣ ወይ ተከላካዩ ያመልጣል። እስከ 3 ዙር ይቀጥላል። ማንም ማንንም ካልጨረሰ ለማምለጥ የፈጀባቸው ጊዜ ይደመራል፤ ቶሎ ቶሎ ያመለጠው አሸናፊ ይሆናል።

ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። እኔም ሰሞኑን እስኪያንገሸግሸኝ ድረስ ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ስቶፕዎቹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ሴቶች ይጋጠማሉ። የአንዷ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፣ የሌላዋ ላይ ሰማያዊ። ቀይዋ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አጠቃች። አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ተረከዝ ይዛ ሂል ሁክ (ተረከዝን ጠምዝዞ ጉልበትን የሚቆልፍ መያዣ) ገባች። ሰማያዊዋ አንዴ ተንከባለለች፣ ደግማ ተንከባለለች፣ ጉልበቷን በአንድ ጣት ስፋት አወጣችው። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቀይዋ ክንድ አገኘች። ሰማያዊዋ መዳፎቿን አጣምራ ያዘች። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲላቀቁ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። ክርኗ ሊዘረጋ ሲል ደወሉ ተደወለ።

ወደ ጭማሪው ገቡ። ሦስት ዙር፣ ስድስት ተራ። ማንም ማንንም አላስጨነቀም። ሰማያዊዋ ከጀርባ መያዝ ማምለጥ የተካነች ነበረች፤ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ጊዜው ሲደመር ልዩነቱ ከ3 ሰከንድ ያነሰ ሆነ። የሰማያዊዋ እጅ ከፍ አለ።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። በአንደኛው ተራ ላይ የአጥቂዋ እግሮች ወጥተዋል፣ ክንዷ ግን ገና አንገት ላይ ነበር። ተከላካይዋ አመለጠች ወይስ አላመለጠችም? አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። ፊቷን እስክታዞር ጠበቅኩና ተጫንኩት። አንድ ሰከንድ ነው? ሁለት ነው? አላውቅም። ያ ግጥሚያ የተወሰነው በእኔ አውራ ጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቀይዋ ዕቃዋን ስትሸክፍ ወደ እኔ መጣችና "ጋሼ፣ አስሩ ደቂቃ ታዲያ ለምን ነበር?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ጸሐፊው ያነሱት ፔናሊቲ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ እሱው ላይ ልቆይ። በ1968 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣሊያንና ሶቭየት ኅብረት አቻ ወጡና ሳንቲም ተወረወረ። ዘውድ ወይስ ጎፈር ተባለና ጣሊያን ለፍጻሜ አለፈች። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1970፣ ፔናሊቲ በሕግ ጸደቀ። ከዕጣ ይሻላል፣ ማን ይክዳል? ነገር ግን ኳስ ተጫዋች 120 ደቂቃ ሙሉ የሚለፋው ፔናሊቲ ነጥቡ ላይ ለመድረስ አይደለም። የእኛ ስፖርተኛ ግን የሚለፋው በትክክል ጀርባ ላይ ለመድረስ ነው። በነጥብ በሚካሄዱት የጂዩ ጂትሱ (በማነቅና በመቆለፍ የሚደረግ ትግል) ውድድሮች ጀርባ መያዝ 4 ነጥብ ያስገኛል፤ ከዚያ የሚበልጥ ነጥብ የለም። ከጀርባ መድረስ የትግሉ ግማሽ ነው። ከግማሹ በላይ ነው የሚል አሰልጣኝ ቢመጣም አልከራከረውም። ጭማሪ ዙሩ ይህን ቦታ በነጻ ያድላል። አስር ደቂቃ ሙሉ ወደ ጀርባህ ያላስጠጋኸውን ሰው ዳኛው ጠርቶ ጀርባህ ላይ ያስቀምጥልሃል።

ከዚህ የባሰው ግን ከጭማሪው በፊት የሚሆነው ነው። አቻን የምንለይበት ደንብ ከደወሉ በኋላ ብቻ አይሠራም። ስፖርተኛው ገና ሲሰለጥን ጀምሮ አእምሮው ውስጥ ነው። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ከጀርባ በማምለጥ የሚያስቀናውን አንድ ልጅ "አትቸኩል፣ አደጋ ውስጥ አትግባ፣ አስሩን ደቂቃ ብቻ አሳልፍ፣ ጭማሪው የእኛ ነው" ብዬ አስገብቼዋለሁ። እሱም ሰዓት ሲገድል ቆየ። ጋርዱን ዘግቶ (በጀርባው ተኝቶ ተጋጣሚውን በእግሮቹ አቅፎ)፣ እጅ ይዞ፣ ምንም ሳይሞክር። ከዚያ በጭማሪው አሸነፈ። ልጁ ያደረገው እኔ ያልኩትን ነው፤ ደንቡም ይፈቅድለታል። እጅ ለማሰጠት ብቻ በተፈጠረ ውድድር ግን አንድም ጊዜ ለማሰጠት ያልሞከረ ሰው አልፎ ሄደ። ዛሬ ያንን ምክር አልደግመውም።

ነፃ ትግልም ይህንኑ ሞክሮ ጥሎታል። እስከ 2012 የለንደን ኦሊምፒክ ድረስ አንድ ዙር 0 ለ 0 ካለቀ ከከረጢት ባለ ቀለም ኳስ ይወጣ ነበር። ቀለሙ የወጣለት የተጋጣሚውን እግር ታቅፎ ይጀምራል። እግር የታቀፈው በአብዛኛው ያሸንፋል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ምንም ሳይሠሩ ኳሷን የሚጠብቁ በዙ። በቀጣዩ ዓመት ደንቡ ሲሻሻል ያ አሠራር ቀረ። ሌላው ስፖርት የተወውን ልብስ እኛ አዲስ ነው ብለን ለበስነው።

እስኪሸናነፉ ይታገሉ የሚሉም አሉ። ይህኛው አሳብ ልቤን ይነካዋል፤ ግን የት እንደሚያደርስ ታይቷል። በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማርቲን ክላይንና አልፍሬድ አሲካይነን በግሪኮ ሮማን ግማሽ ፍጻሜ ለ11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ታገሉ። ክላይን አሸነፈ፤ ለፍጻሜው ግን አቅም አልቀረለትም። ወርቁን ሳይነካ ብር ይዞ ተመለሰ። በዚያው ኦሊምፒክ በሌላ ክብደት ለወርቅ የተገናኙት አንደርስ አልግሬንና ኢቫር ቦሊንግ ለ9 ሰዓት ያህል ታግለው አልተሸናነፉም። ሁለቱም ብር ተሰጣቸው፣ ወርቅ የሚባል ነገር አልተሰጠም። በ2000 ጃፓናዊው ተፋላሚ ካዙሺ ሳኩራባ ከብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ጋር 90 ደቂቃ ተፋልሞ አሸነፈና በዚያው ሌሊት ሌላ ግጥሚያ ጠበቀው። ከአንድ ዙር በላይ መቀጠል አልቻለም። ሰው ጉልበቱ ሲያልቅ ክንዱ ሲቆለፍ እንኳ በጊዜ እጅ መስጠት ይሳነዋል። በእኛ ስፖርት ይህ ማለት የተሰበረ ክርን ነው።

ይኸው ሳኩራባ በ2018 ኩዊንቴት የተባለውን የቡድን ውድድር ሲጀምር ደስ የሚል መፍትሔ አመጣ። አምስት ለአምስት ነው። ያሸነፈ ማቱ ላይ ይቆያል፣ ቀጣዩን ይገጥማል። አቻ ከወጡ ሁለቱም ይወጣሉ። በቡድን ለሚደረግ ውድድር ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ደካማው ጠንካራውን ይዞ ከወጣ ለቡድኑ ሥራ ሠርቷል፤ ጠንካራውም ይህን ስለሚያውቅ ማጥቃት ግዴታው ነው። ጥሎ ማለፍ ላይ ግን አይሠራም። ሁለቱንም ብናስወጣ ፍጻሜው እንደ ስቶክሆልሙ ባዶ ሊቀር ይችላል።

ለብቻው የሚደረግ ትልቅ ግጥሚያ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ አቻ አቻ ተብሎ ይቅር። በ2012 ሜታሞሪስ በተባለው ውድድር የመጀመሪያ መድረክ ታዋቂዎቹ የጂዩ ጂትሱ ተጋጣሚዎች ሮጀር ግሬሲና ቡቼቻ 20 ደቂቃ ተፋልመው አቻ ወጡ። ጥያቄው አምስት ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየ። በ2017 ሪዮ ላይ እንደገና ሲገናኙ ሮጀር አንቆ አስጨረሰና ጡረታ ወጣ። የመጀመሪያው ቀን በስቶፕዎች ተፈርዶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁለተኛው ቀን ይህን ያህል ይናፈቅ ነበር ብዬ አላምንም።

ታዲያ ጥሎ ማለፍ ላይ ምን ይሁን? የእኔ አሳብ ይህ ነው። ሦስት ዳኞች ተራርቀው ይቀመጡ። የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፤ ተጋጣሚውን እጅ ለማሰጠት ይበልጥ የቀረበው ማን ነው? ማን ጣለ፣ ማን ከላይ ሆነ፣ ማን ጠንካራ መሰለ አይጠየቅም። እጅ አንገት ላይ ማሳረፍ ሙከራ አይደለም። ተጋጣሚው ሌላውን ሁሉ ትቶ ለማምለጥ የተገደደበት መያዝ ነው ሙከራ። የዚያች ልጅ ሂል ሁክ ሙከራ ነበር፤ ክንዱማ ከሙከራም በላይ ነበር።

አሁን ዋናው ይመጣል። የዳኞቹ ፍርድ እስከ መጨረሻው ተደብቆ አይቆይ። ግጥሚያው 10 ደቂቃ ከሆነ ሰባተኛው ላይ እያንዳንዳቸው እስካሁን የሚመራውን ቀለም ይጻፉ፣ ውጤቱም በይፋ ይነገር። የቀሩት 3 ደቂቃዎች ሌላ መልክ ይይዛሉ። የተመራው መቀመጥ አይችልም፤ ካልሞከረ ወጥቷል። ሲሞክር ይከፈታል፣ ሲከፈት ለሌላውም ዕድል ይፈጠራል። ይህን በስልጠና ላይ ከልጆቼ ጋር ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። "ቀይ ይመራል" ባልኩ ቁጥር ሰማያዊው ከተኛበት ይነሳል።

የሚመራው ቢሸሽስ? ይሸሻል፣ አውቃለሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ደንቡ ውስጥ ይግባ። በእነዚያ 3 ደቂቃዎች በሽሽት ሁለት ጊዜ የተገሠጸ ሰው መሪነቱን ይነጠቅ። ግሣጼውን የሚሰጠው የመሐል ዳኛው ነው፤ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ።

ዳኛም ይሳሳታል የሚለው ክርክር ከባድ ነው፣ አልሸሸውም። በ2012 ለንደን በጁዶ ጃፓናዊው ኤቢኑማና ኮሪያዊው ቾ ሲገናኙ ሦስቱም ዳኞች ለቾ ሰማያዊ ባንዲራ አነሱ። አዳራሹ ጮኸ። የበላይ ኃላፊዎች ጣልቃ ገቡና ያው ሦስት ዳኞች ነጭ አነሱ፤ ኤቢኑማ አለፈ። በኋላ ሁለቱም ነሐስ ቢያገኙም ያ ቀን አይረሳም። ጁዶ በቀጣዩ ዓመት ባንዲራውን ትቶ ገደብ የሌለው ጭማሪ ሰዓት አስገባ። ጁዶ ይችላል፤ አንድ መጣል ወይም የተደራረበ ቅጣት ጨዋታውን ይዘጋዋል። የእኛ ስፖርት ትንሽ ነጥብ የለውም፤ ገደብ ከሌለው ወደ ስቶክሆልም ነው የምንመለሰው። ለዚህ ነው ፍርዱ በወረቀት ይሁን የምለው። ደወሉ እንደተደወለ፣ ጭብጨባው ሳያይል ዳኛው ይጻፍ፣ ይፈርም፣ የትኛውን ሙከራ እንዳየ በአንድ መስመር ይግለጽ። ወረቀቱም ለሁለቱም አሰልጣኞች ይሰጥ። ያኔ ያቺ ልጅ የምትጠይቀው ሰው፣ የምታነበውም መልስ ይኖራታል። ከስቶፕዎች ጋር ግን መከራከር አትችልም።

ደንቡን አንድ ገጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ለመሞከር የሚፈልግ የውድድር አዘጋጅ ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ይጠይቀኝ፤ እልካለሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይም ያለ ክፍያ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሆኜ እቀመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግራፕሊንግ አሰልጣኝና ዳኛ