ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ የሣር ማጨጃ ሩሎ ለምን ጊዜ ይወስዳል?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለ ሩሎው፣ ማለትም ከሣር ማጨጃው ኋላ ስለሚንከባለለው ክብ እንጨት፣ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁናል። «አንዲት ክብ እንጨት ናት፤ ቶርኖ ላይ ብትወጣ ግማሽ ቀን አትፈጅም። ለምን ታመላልሱናላችሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የቶርኖው (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያክብበው ማሽን) ሥራ እውነትም ግማሽ ቀን አይሞላም። ጊዜ የሚወስደው እንጨቱ እስኪደርቅ ነው።

በእጅ የሚገፋው የሣር ማጨጃ የቆየ ማሽን ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1830 ፓተንት ሲያወጣበት፣ ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅ ከሚከረክም የፋብሪካ ማሽን ነበር። ብረቱ ዕድሜ አለው። ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ግቢዎችም ሆነ ከሐረር የሚመጡልን ማሽኖች ምላጫቸው ተሞርዶ፣ ኩሽኔታቸው ግራሶ ተቀብቶ መሥራት ይችላሉ። ቀድሞ የሚያልቀው እንጨቱ ነው፤ እጀታውና ከኋላ ያለው ሩሎ።

ሩሎው ቀላል ነገር አይደለም። ሣሩ ምን ያህል እንደሚያጥር የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ጎኑ ከተበላ ሣሩ በአንድ በኩል ተላጭቶ በሌላው ይጎፍራል። ውፍረቱ በትንሹ ከተለወጠ ደግሞ ማሽኑ የሚያጭድበት ከፍታ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ አሮጌውን ሩሎ፣ ቢሰበርም ቢሰነጠቅም፣ አትጣሉት። ያልተበላ ቦታ ከተገኘበት ትክክለኛውን ልክ የምናገኘው ከእሱ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን የብረት ዘንግና ሮንዴላም ይዛችሁ ኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። በወርዱም ቢሆን እኩል አይኮማተርም። ግንዱ ሲቆረጥ በሚታዩት የዕድገት ቀለበቶች ዙሪያ የሚቀንሰው፣ ከእምብርቱ (ከግንዱ መሃል) ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚቀንሰው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ እርጥቡን እንጨት ዛሬ ቶርኖ ላይ አክብበን ብንሰጣችሁ፣ በድሬ ሙቀት ከርሞ እንደ እንቁላል ሞላላ ይሆናል። የብረት ዘንጉም ቀዳዳው ውስጥ መወዝወዝ ይጀምራል።

አንዳንዶቻችሁ ልኩ የሆነ ክብ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ታመጣላችሁ። ልፋታችሁን እናከብራለን፤ ግን አንቀበለውም። እምብርቱን መሃሉ ላይ የያዘ እንጨት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። እኛ የምንፈልገው ወፍራም ግንድ ተፈልጦ ከእምብርቱ ውጭ ያለውን ክፍል ነው።

ለሩሎ የምንመርጠው ወይራ ነው። ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበላም። ጣጣው ሲደርቅ መሰንጠቅ መውደዱ ነው። ለዚህ ነው ከፈረሰ ቤት የወጣ የቆየ የወይራ ምሰሶ ስናገኝ ደስ የሚለን። እሱ ከሌለ አዲሱን ፈልጠን፣ ጫፍና ጫፉን ወፍራም ቀለም ቀብተን፣ መሃል መሃሉ ላይ ቀጫጭን እንጨት እየጣልን ጥላ ውስጥ እንደረድራለን። ፀሐይ ላይ አናወጣውም፤ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዚያ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ እናስቀምጣለን። ክብደቱ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ ውሃ አለው ማለት ነው። መቀነሱን ሲያቆም ወደ ቶርኖ ይሄዳል።

እጀታው ቀለል ይላል። ለእሱ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍም ይሆናል፣ ዋጋውም ይረክሳል። የምናየው ጅማቱ (እንጨቱ ላይ የሚታየው የጭረት መስመር) ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄዱን ነው። ጅማቱ አግድም የወጣ እጀታ ቡሎኑ የሚገባበት ቦታ ላይ ይከፈላል። ለሩሎ ግን ባሕር ዛፍ ብትጠይቁንም አንሠራም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አሠራራችን እንዲህ ነው። የደረቀ ወይራ እጃችን ላይ ካለ ሩሎው በአንድ ሳምንት ይደርሳል። ከሌለ ትዕዛዙን ስትሰጡ እዚያው እንነግራችኋለን፤ ቀብድም አንቀበልም። ስማችሁን መዝግበን እንጨቱ ሲደርስ እንደውላለን። ዋጋ አልጨመርንም።

ከወሰዳችሁ በኋላ ያለው እንክብካቤ የእናንተ ነው። ማሽኑን ውሃ በጠጣ ሣር ላይ አቁማችሁ አትሂዱ። ጠርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ሩሎው መሬት ለመሬት ስለሚንከባለል ወዲያው ይላጣል፣ ውሃውም በተላጠው በኩል ይገባል። በዓመት ሁለቴ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ። ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊይዝ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ከሐረር የምትመጡ ደንበኞቻችን ማሽኑን ሙሉውን ተሸክማችሁ አትድከሙ። ሩሎውን ከነዘንጉ ፈታችሁ ላኩልን፤ ማሽኑ ላይ የሚገባበትን ክፍተትም በሜትር ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉልን። በሙቀቱ ምክንያት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ዝግ ነን፤ ጠዋት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ ወርክሾፑ ባልደረቦች
ድሬዳዋ